ድቡሼን ቤት ያስገባሁ ቀን

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ አልነገርኩም። በየዓመቱ ጾም ሲገባ ፊታቸው ተንበርክኬ፣ ሰው አማሁ፣ ጾም ገደፍኩ፣ ተቆጣሁ እያልኩ ትንንሾቹን ኃጢአቶቼን ስለቅም፣ ይህኛውን ምላሴ ሥር ይዤ ተነሥቻለሁ። ለባለቤቴ ለታደሰም አልነገርኩትም። እጄን ይዞ ሞተ፤ አልነገርኩትም። እሱ ከተቀበረ ወዲህ ቤቱ ጸጥ ብሏል፤ እኔም ብዕር ይዤ ተቀምጫለሁ። የምጽፈው ዝግ ብዬ ነው፣ ወረቀቱ እስኪቀደድ ብዕሩን እየጫንኩ። እርጅና ነው ብላችሁ እንዳታዝኑልኝ። ንዴት ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከአንድ የሕፃናት መጫወቻ ነው። መሳቅ ካማራችሁ ሳቁ፤ እኔም አንድ ጊዜ ስቄበታለሁ።

የልጅ ልጄ የሊዲያ ስልክ ውስጥ አንድ ፍጥረት አለ። እንስሳ ነው እንዳልል፣ እንዲህ ያለ እንስሳ እግዜር አልፈጠረም። እንደ ዳቦ ክብ ነው። እግር የለውም፤ ጫማ የመሰሉ ሁለት መዳፎች ከሆዱ ሥር ብቅ ብለዋል። ጆሮዎቹ እንደ ፍየል ጆሮ ተንጠልጥለዋል፤ የፊቱን ግማሽ ዓይን ወስዶታል። ልጅቷ ስልኳ ላይ ታጫውተዋለች፣ ቴሌቪዥን ላይ ታየዋለች፣ የትምህርት ቤት ቦርሳዋ ላይ ሳይቀር ተለጥፏል። "እማማ፣ አያምርም?" ትለኛለች። ያምራል። እኔ ጥርሴ ረግፎ፣ ባሌን ቀብሬ፣ ደረጃ መውጣት አቅቶኝ፣ እሱ አንድ ቀን እንኳ አላረጀም። ያኔ እንደሚስቀው ዛሬም ይስቃል።

እኔ ሳውቀው ስሙ ድቡሼ ነበር።

በደርግ ጊዜ የምንኖረው አቃቂ ነበር፣ ከባቡር ሐዲዱ ማዶ፣ አንድ የቆርቆሮ ጣሪያ ከጫፍ እስከ ጫፍ በሸፈናቸው የቀበሌ ቤቶች ውስጥ። ታደሰ የባቡር ጥገና ሠራተኛ ነበር። ግድግዳ የምትጋራን ዘሃራ ናት። ከወሎ የመጣች፣ ሳሪስ ገበያ ጨርቅ የምትሸጥ፣ ሳቋ ከሰውነቷ የሚበልጥ ሴት። ባሏ ሰይድ በአሰብ መስመር ከባድ መኪና ይነዳ ነበር። የእኔ ዳዊትና የእሷ ኑሩ በአንድ ክረምት ተወለዱ። ዘሃራ ከወለደች በኋላ ታማ ስትተኛ ኑሩን ያጠባሁት እኔ ነኝ፤ አንዱን በዚህ፣ አንዱን በዚያ ጡቴ ይዤ። "ካጠባሽው በኋላ የኔ ብቻ አይደለም፤ በኛ ሃይማኖት እናቱ ነሽ" ትለኝ ነበር። ልጁም አፉን ሲፈታ "እማ የሺ" ብሎ ጠራኝ። ይህን መጀመሪያ ላይ የጻፍኩት ኋላ ላይ እንዳልደብቀው ነው።

ልጆቹ ገና ትምህርት ቤት እንደገቡ ሰይድ ከአሰብ አንዲት የእጅ ጌም ይዞ መጣ። የሲጋራ ፓኮ ታክላለች። ከመርከበኞች ነው የገዛት። ሁለቱን ልጆች ፊቱ አስቁሞ፣ "ለሁለታችሁ ነው። ከተጣላችሁ ራዲያተር ውስጥ ነው የምከታት፣ ተቀቅላ ትወጣለች" አላቸው። በመስታወቷ ውስጥ ያ ክብ ፍጥረት ወንዝ ዳር ይቆማል። በግራና በቀኝ ቁልፍ ከድንጋይ ድንጋይ ታዘልሉታላችሁ፤ ከላይ አሞራ ያደባበታል። ከሳተ ውኃ ውስጥ ይወድቅና "ጢጥ" ብሎ ያልቃል። ከተሻገረ ግን ማዶ ያለችው ትንሽ ቤት በሯ ይከፈታል፤ ገብቶ ይቆምና አንድ አጭር ዘፈን ይዘፈናል። ልጆቹ ክብነቱን አይተው ድቡሼ አሉት። ዘፈኑን ሠፈሩ በሙሉ ማፏጨት ጀመረ።

ከዚያ ደግሞ አንድ እሑድ ከሰዓት በቀበሌው አዳራሽ፣ ሕፃናት ወለሉ ላይ ተደርድረው ቴሌቪዥን ሲያዩ፣ ያው ፍጥረት በሥዕል ፊልም ውስጥ ዱብ ዱብ እያለ መጣ። ኑሩ ብድግ ብሎ፣ "ድቡሼ! ድቡሼ እኮ የኛ ነው! ከኛ ቤት ሰርቀውት ነው!" ብሎ ጮኸ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ቴሌቪዥኑ ጥቁርና ነጭ ስለነበር ቀለሙ ምን እንደሆነ ሳምንት ሙሉ ተጨቃጨቁ። ዳዊት "አረንጓዴ ነው" አለ። ኑሩ "ብርቱካንማ ነው፤ ሳየው ያስታውቃል" አለ። የሊዲያ ስልክ ላይ አይቼዋለሁ። ብርቱካንማ ነው። ኑሩ ነበር ልክ። ይህን የምነግረው ሰው የለኝም።

ልጆቹ አደጉ፤ ጢም አበቀሉ። ብሔራዊ ውትድርና መጣ። ቀበሌው ይህን ያህል ወጣት አምጣ ይባላል፤ ቁጥሩ ካልሞላ አፈሳ ነው። ከመንገድ፣ ከኳስ ሜዳ፣ ከእናት ጓዳ ይለቀማሉ። የሄደ ወደ ሰሜን ይሄዳል፤ ከሰሜን የሚመለሰው ወሬ ብቻ ነበር።

እኛን የጠቀመን ያ ረጅም ጣሪያ ነው። ቤቶቹ በግድግዳ ቢለያዩም ከኮርኒሱ በላይ ግን ምንም አይለያቸውም። የጆንያ ኮርኒሱን ጥግ ገልጦ የወጣ ልጅ በእንጨቶቹ ላይ እየተሳበ ከእኛ ቤት እስከ መጨረሻው ቤት ይደርሳል። የቀበሌው አብዮት ጠባቂዎች ይህን ሲያውቁ ሌላ ዘዴ አመጡ። ከኛ በታች ያለችውን አንዷን እናት በመሣሪያ አስፈራርተው፣ "ውረድ ልጄ፣ ሄደዋል" አስባሏት። ልጇ ወረደ። ከዚያ በኋላ ማን የእናቱን ድምፅ ይመን?

መላውን ያገኘችው ዘሃራ ናት። ሁለቱን ልጆች አስቀምጣ፣ "የኔን ድምፅ ብትሰሙ አትውረዱ። የየሺን ብትሰሙ አትውረዱ። ብናለቅስም አትውረዱ። ድቡሼ ቤቱ ሲገባ ከሰማችሁ ብቻ ውረዱ" አለቻቸው። ሰይድ የባትሪ ድንጋይ ከአሰብ አመጣ። መጫወት ተከለከለ፤ ጌሟ ለዚህ ብቻ ተቀመጠች።

ግን ዘፈኑን ለማሰማት የሚጫኑት ቁልፍ የለም። ድቡሼን ማሻገር ያስፈልጋል። እናም እኛ ሁለት ባለትዳር ሴቶች ጌም ተማርን። ዘሃራ አቃታት። ሁለተኛው ድንጋይ ላይ ትጥለውና፣ "እታለም፣ ይሄ ከይሲ ለኔ ሲሆን ውኃ ይወዳል! ዋና ያስተማረው ማነው?" እያለች ታንከተክተኛለች። ልጆቹ ከኮርኒሱ በላይ ሆነው እያንዳንዱን ዝላይ ይሰማሉ፤ በወደቀ ቁጥር ጣሪያው በሳቅ ይንቀጠቀጣል። እኔ ግን ለመድኩ። አሞራው መቼ እንደሚወርድ አወቅሁ። ጎበዝ ሆንኩ። ዘሃራ ቀን ቀን ገበያ ስለምትውል ጌሟ እኔ ቤት፣ የበርበሬ ጣሳ ውስጥ ተቀመጠች። ኑሩ መውረድ የሚችለው በእኔ እጅ ነበር። እናቱ ነበረች በእጄ ላይ ያስቀመጠችው።

አንድ እሑድ ቀበሌው በአዳራሹ ኳስ ይታያል አለ። ኑሩ፣ "ወጥመድ ነው" ብሎ በጠዋት ኮርኒስ ወጣ። ዳዊትን ለመንኩት፤ አልሰማኝም። "እማዬ፣ ሁሌ እንደ አይጥ ጣሪያ ላይ ልኑር?" ብሎኝ ሄደ። ዘሃራ ገበያ፣ ታደሰ ተረኛ፣ ሰይድ መንገድ ላይ። ከሰዓት በኋላ የሠፈሩ ሴቶች ጩኸት ተሰማ። የአዳራሹን በር ዘግተውባቸው ነበር።

ነጠላዬን መሬት ለመሬት እየጎተትኩ ሮጥኩ። የቀበሌው ሊቀመንበር የአዳራሹ ደጃፍ ላይ ቆሞ ጥርሱን በስንጥር ይጎረጉራል። እግሩ ላይ ወደቅሁ። አንድ ልጅ ነው ያለኝ፣ አልኩት። አባቱ የባቡር ሠራተኛ ነው፣ አልኩት። የማውቀውን ሁሉ ታቦት ጠራሁበት። ሰለቸሁት መሰለኝ፣

"ምትክ ካለሽ አምጪ፤ ከሌለሽ ወደ ቤትሽ" አለኝ።

አጠገቡ ያሉት ሳቁ። ዛሬ ሳስበው እኔን ለማባረር የተናገረው ነው። ቀልድ ነበር። ማንም ኑሩን አልጠየቀኝም። ስሙን ያነሣ የለም። እኔ ግን ከእግሩ ሥር ቀና ብዬ፣

"አለኝ" አልኩት።

ያቺን ቃል ልድገማት፤ ሊቀመንበሩ ላይ እንዳትወድቅ። አለኝ። በራሷ ጡት ያሳደገችው ልጅ በጣሪያዋ ላይ እምነቱን ጥሎ የተኛባት ሴት፣ አለኝ አለች። እኔ ነኝ። ሊቀመንበሩ ስንጥሩን ጣለና፣ "ያ የሹፌሩ ልጅ?" አለ። ደጋግሞ ፈልጎ አጥቶት ሠፈሩ ስቆበታል። "እሱን ካወረድሽልኝ ያንቺን ውሰጂ።"

አንድ ጠባቂ ሰጠኝና ወደ ቤት ተመለስኩ። "እናት ናት" ትሉ ይሆናል። አትበሉ። ዘሃራስ ምን ነበረች? "ጊዜው ነው" ትሉ ይሆናል። ጊዜው ቁልፍ አልተጫነም። ጠመንጃ ነበረ ወይ? ነበረ፤ ግን የያዘው ከዳዊት የማይበልጥ፣ ገና ከገጠር የመጣ ለጋ ልጅ ነው፤ እኔ ላይም አላነጣጠረም። ጠመንጃውን ግድግዳ አስደግፎ፣ "በምን ልታወርጂው ነው፣ እትዬ?" ብሎ ጠየቀኝ። ከበርበሬው ጣሳ ጌሟን አወጣሁ።

አሁን የምጽፈውን ነው ያን ሁሉ ዘመን መሸከም ያልቻልኩት። ዘፈኑ በአንድ ጭነት ቢመጣ ኖሮ፣ እጄ ሳላስበው ነካው እል ነበር። ግን አይመጣም። ድቡሼ ወንዙ ዳር ቆሞ እኔን ጠበቀ። አንዱን ድንጋይ አዘለልኩት። ለማሰብ ጊዜ ነበረኝ። ሌላውን አዘለልኩት። አሁንም ጊዜ ነበረኝ። በየድንጋዩ ላይ መጣል እችል ነበር! ቁልፉን አንድ ጊዜ ብስት፣ "ጢጥ" ይላል፣ ኑሩ ከላይ ሆኖ ይሰማል፣ አይወርድም። ለጠባቂውም "ተበላሸ" እለዋለሁ። ምን ያውቃል? ዘሃራ በየቀኑ ትጥለው የነበረውን እኔ አንድ ጊዜ መጣል አቃተኝ? አላቃተኝም። አልፈለግሁም። እንዳይወድቅብኝ ተጠነቀቅሁ፤ ትንፋሼን ያዝኩ፤ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አድርጌ ተጫውቼ አላውቅም።

ጠባቂው ልጅ ጠጋ ብሎ በትከሻዬ በኩል ያይ ጀመር። "ምንድነው እሱ? ወይ ጉድ!" አለ። ከዚያ ጨዋታው ያዘው መሰለኝ፣ "አሞራው! አሞራው መጣብሽ! ወደ ቀኝ፣ ወደ ቀኝ!" እያለ ጆሮዬ ሥር ያንሾካሽካል። በሩ ተከፈተ። ድቡሼ ገባ። ዘፈኑ ተዘፈነ።

"ጎበዝ!" አለኝ ጠባቂው።

ጎበዝ።

የኮርኒሱ ጥግ ተገለጠ። መጀመሪያ እግሮቹ ወረዱ፤ ከዚያ አቧራና የሸረሪት ድር የለበሰ ጸጉሩ። እየሳቀ ነበር። "እማ የሺ፣ ዛሬማ አንድም ሳትጥይው!" አለ። ከላይ ሆኖ ዝላዮቹን ሲያዳምጥ፣ ሲያደንቀኝ ነበር። ከዚያ ዘወር ሲል ጠባቂውን አየ። እጄ ላይ ያለችውን ጌም አየ። አልሮጠም። ሊቆጣኝ ይችል ነበር፤ ምነው በተቆጣኝና፣ ምነው ፊቴ ላይ በተፋብኝና! እሱ ግን፣ "አይዞሽ፤ አስገድደውሽ ነው። አውቃለሁ" አለኝ። ጠባቂው ሊወስደው ክንዱን ሲይዘው፣ ኑሩ ጎንበስ ብሎ ሹክ አለኝ፦

"ዘፈኑ ታውቋል። ለዳዊት ሌላ ምልክት ስጡት።"

ወንድሙ ተይዞ እንደነበር አላወቀም። በምን እንደተለወጠ አላወቀም። እኔም አልነገርኩትም። ያቺን "አስገድደውሽ ነው" የምትለዋን ሰበብ እሱ በእጁ ሰጠኝ፤ እኔም እንደ ሌባ ተቀብዬ ደበቅኋት።

ዳዊት ሳይመሽ ተለቀቀ። ሊቀመንበሩ አዝኖልን ነው አልኩት። ጠረጴዛው ላይ የተረሳችውን ጌም አየና ዓይኑን መለሰ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ አልነካትም፤ አልጠየቀኝምም። የሚያውቅ ይመስለኛል? አንዳንድ ቀን አዎን፤ አንዳንድ ቀን አይደለም። ልጄን አድኜ ልጄን ዓይኑን አይቼ ማውራት አቃተኝ።

ዘሃራ ከገበያ ስትመጣ ሰው ነግሯት ኖሮ ጨርቋን መንገድ ላይ ጥላ ነው የገባችው። "ምን አወረደው?" ትላለች። "ዘፈኑን ሳይሰማ አይወርድም! የሺ፣ ምን አወረደው?" ግድግዳውን ትደበድባለች። ያን ጊዜም ልናገር እችል ነበር። አፌን ከፈትኩና የወጣው፣

"ውኃ ጠምቶት ይሆናል" የሚል ነው።

ከየት አመጣሁት? አላውቅም። ቀላል ነገር መስሎኝ ነው። ዘሃራ ግን ቀጥ ብላ ቀረች። ከዚያ ፊቷን በሁለት እጇ መታች። "ውኃ! ውኃ ሳላስቀምጥለት! ቸኩዬ ውኃውን ረስቼ!" እያለች ወለሉ ላይ ተንከባለለች። እኔም አብሬያት አለቀስኩ፤ አቀፍኳት፤ ፊቷን አጠብኩላት። የውሸቴን ዋጋ እሷ ስትከፍል ቁጭ ብዬ አየሁ። ልጇን ሰጥቼ አልበቃኝም፣ ጥፋቱንም ሰጠኋት።

ታደሰ ልጁ በመትረፉ ለሳሪስ አቦ ስለት ነበረው፤ ዣንጥላ። ዘሃራ ሰማች። በዚያ ኀዘኗ ውስጥ ሆና ለዣንጥላው ጠርዝ የሚሆን ወርቃማ ዘርፍ ከገበያዋ ይዛልኝ መጣች። "ያንቺ መትረፉ የኔም ነው፤ ከኔም ይግባበት" አለችኝ። የአቦ ዕለት፣ "ልጄን ከአፈሳ ላወጣልኝ" ተብሎ በአደባባይ ሲነገር፣ ዣንጥላው ተዘርግቶ ዘርፉ በፀሐይ ሲያብረቀርቅ፣ ታደሰ እንባው ሲወርድ፣ እኔ ከሁሉም ጮክ ብዬ እልል አልኩ። እግዜር የሰማ እንደሆነ ምን ብሎ ሰማኝ? ታደሰ እስኪሞት ድረስ ያን ቀን እያነሣ ያመሰግን ነበር። እሱ ሲያመሰግን ያደርኩበትን ዘመን ሁሉ ጠላሁት። እሱንም አንዳንዴ ጠላሁት፣ ስለሚያምነኝ። ሙት አይወቀስም ይሉኝ ይሆናል፤ እኔ የምወቅሰው እሱን አይደለም።

ኑሩ ከማሠልጠኛው አንድ ጊዜ ሰላምታ ላከ። ከዚያ ወሬው ጠፋ። መርዶም አልመጣ፤ ሰውም አልመጣ። ሰይድ በየመንገዱ መኪናውን እያቆመ ወታደር ሁሉ ሲጠይቅ ኖሮ፣ ሳያገኝ አረፈ። ዘሃራ ጌሟን ወሰደች። ማታ ማታ ግድግዳው ማዶ እሰማት ነበር፤ ድቡሼን ለማሻገር ትታገላለች። ጢጥ። እንደገና። ጢጥ። አንድ ቀን ጌሟን ይዛ መጥታ ጉልበቴ ላይ አስቀመጠቻት። "እታለም፣ ያንቺ እጅ ይችላል። አንድ ጊዜ አስገቢልኝ። ቤቱ ከገባ ይመጣል የሚል ነገር ልቤ ውስጥ ገብቶብኝ ነው" አለች። ያዝኳት። ጣቶቼ ሁሉንም ያስታውሳሉ። የመጀመሪያው ድንጋይ ላይ ጣልኩት። ያኔ መጣል ሲገባኝ ያልጣልኩትን፣ እሷ ስትለምነኝ ጣልኩባት፤ ያን ዘፈን መስማት አልቻልኩማ። እሷ ግን እኔን ማጽናናት ያዘች። "አብሽሪ፤ አንቺም እጅሽን ኀዘን ያዘው" አለችኝ። በዚያው ሰሞን ባትሪው አለቀ።

ደርግ ወድቆ ወታደሩ ሲበተን፣ ከደቡብም ከሰሜንም ጫማ የሌለው፣ የቆሰለ፣ የተራበ ሰው በቃሊቲ አስፋልት ሲያልፍ፣ ዘሃራ ጀሪካን ተሸክማ መንገድ ዳር ቆመች። ዳቦ የሚሰጡ ነበሩ፤ እሷ ውኃ ነው የምትሰጠው። የእያንዳንዱን ፊት አይታ፣ ጣሳውን ታቀብለዋለች። "ጠጣ፣ የኔ ልጅ። ሳትጠጣ አትለፍ።" እኔ አጠገቧ ቆሜ ጣሳ አጥብ ነበር። ለምን ውኃ እንደሆነ የማውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ። ጣሳ አጠብኩ! እንዲህም አድርጎ መኖር ይቻላል፤ ኖሬበታለሁ።

ቤቶቹ ፈረሱ። እኛ ገላን ኮንዶሚኒየም ደረሰን፤ ዘሃራ ሳሪስ ከልጇ ከሐያት ጋር ገባች። ታደሰ ሲሞት ግን ከሁሉ ቀድማ በዱላ እየተደገፈች ያን ሁሉ ደረጃ ወጥታ መጣች። አጠገቤ ተቀመጠች። የለቅሶው ሰው ዝግ ብሎ ሲያወራ፣ ሊዲያ ጥግ ሆና ስልኳን ትነካካ ነበር። በድንገት ያ ዘፈን ተሰማ። ያው ነው፤ ድቡሼ ቤቱ ገባ።

ዘሃራ ንግግሯን በመሃል አቋረጠች። ያ ሽበታም ራሷ ቀና አለ። ወደ ስልኩ አላየችም። ወደ ኮርኒሱ ነው ያየችው። ኮርኒስ እንኳ አይደለም፣ ሲሚንቶ ነው፤ ከላዩ ሌላ ሰው ይኖርበታል። እሷ ግን ጥጉን እያየች ጠበቀች። ከዚያ ወደ ራሷ ስትመለስ ፈገግ አለች፤ አፍራ።

"ሞኝነት መቼ ይለቃል" አለችኝ። "ያኔ አንቺ ጎበዝ ነበርሽ፤ አትጥይውም ነበር።" ከዚያም በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "እኔ ነኝ እንጂ፣ ውኃዋን ረስቼ" አለች።

እስካሁን! ይህን ሁሉ ዘመን፣ አንድ ጣሳ ውኃ!

ለዚህ ነው የምጽፈው። ለነፍስ አባቴ ብነግራቸው ስግደት ያዙኛል፤ እሰግዳለሁ፤ ያበቃል። እኔ እንዲያበቃልኝ አልፈልግም። ሊያበቃላት የሚገባ ሌላ ሴት አለች። ዘሃራ ማንበብ አትችልም፤ ሳሪስ ሄጄ፣ ሐያትም ባለችበት፣ ራሴ አነብላታለሁ። ይቅር በዪኝ አልላትም። ይቅርታ ለእሷ ቀላል ነው፤ ሳልጨርስ "አብሽሪ" ልትለኝ ትችላለች። ያቺን ቃል ከእሷ በቂ ወስጃለሁ። በዱላዋ ብትመታኝ፣ በሯን ብትዘጋብኝ መብቷ ነው። ዳዊትም ይስማ። ያ የስለት ዣንጥላ በማን ልጅ ዋጋ እንደገባ ይወቅ።

ድምፄ ከከዳኝና ሁሉንም ማንበብ ካቃተኝ፣ ይህችን የመጨረሻዋን ብቻ አነብባለሁ፦

ዘሃራ፣ ያን ቀን ጠዋት አንቺ ከሄድሽ በኋላ በኮርኒሱ ጥግ በኩል ለኑሩ ውኃ ያቀበልኩት እኔ ነኝ። ጣሳውን ሙሉ ጠጥቶ ባዶውን መለሰልኝ። ልጅሽ አልጠማውም ነበር። የወረደው እኔ ስለጠራሁት ነው።